«የገዛሁት መጽሐፍ» በእንግሊዝኛ ሲባል፦ ሪሌቲቭ ክሎዝ ለአማርኛ ተናጋሪ

«ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት ኢዝ ቬሪ ጉድ።»

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቷችሁን እስክትጨርሱ ብትቀመጡ፣ ይህን የመሰለ እንግሊዝኛ ሳትሰሙ አትወጡም። ተናጋሪው ቃላት አላጠረውም። ሰዋስውም ተምሯል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። «ሁ ለሰው፣ ዊች ለዕቃ» የሚለውን ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት እንኳ ይወጣዋል። ችግሩ አንዲት ትርፍ ቃል ናት፤ «ኢት»። እሷም ከሰማይ አልወረደችም። ከአማርኛችን ነው የመጣችው።

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚጻፉት ለዓለም ሁሉ ነው። ለጃፓኑም፣ ለብራዚሉም፣ ለእኛም ያው አንድ ማብራሪያ ነው። አማርኛ ተናጋሪ የት ላይ እንደሚሰናከል አይነግሩንም። እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው። ሪሌቲቭ ክሎዝ ስሙ ቢከብድም ነገሩ አዲስ አይደለም። «የመጣው»፣ «የገዛሁት»፣ «የምትሠራበት» እያልን ቀኑን ሙሉ የምንናገረው ነው።

እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ ዓይን ያለፈውን ስህተት ጆሮ ይይዘዋል። ስትለማመዱ ግን ደብተራችሁ ላይ በላቲኑ ጻፉ።

ደረጃ 1፦ መጨረሻ ያለውን ስም ወደ ፊት አምጡ

አማርኛ መጀመሪያ ያብራራል፣ ስሙን መጨረሻ ላይ ያመጣል። «ትናንት ፒያሳ ያገኘኋት ልጅ» ስንል፣ ሰሚው ወሬው ስለ ማን እንደሆነ የሚያውቀው «ልጅ» ላይ ስንደርስ ነው። እንግሊዝኛ ትዕግሥት የለውም። ስሙን ያስቀድማል፣ ከዚያ ያብራራል፦ «ዘ ገርል ሁ አይ ሜት ኢን ፒያሳ ዬስተርዴይ»።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአማርኛውን ሐረግ ጻፉ። የመጨረሻውን ስም ክበቡት። እሱን ከነ «ዘ» መጀመሪያ ላይ አስቀምጡ። ቀጥሎ አገናኝ ቃሏን፣ ማለትም «ሁ»ን፣ «ዊች»ን ወይም «ዛት»ን አስገቡ። ከዚያ አድራጊው ይመጣል፣ ከዚያ ግሱ፣ ከዚያ ቦታው፣ መጨረሻ ላይ ጊዜው።

አሁን ከበድ ያለ እንሞክር፦ «ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የረሳሁት ቦርሳ»። እዚህ ውስጥ ሁለት ሪሌቲቭ ክሎዝ አለ። አንዱ ቦርሳውን ይለያል፣ ሌላው ሚኒባሱን። ብዙ ሰው «ፍሮም ሜክሲኮ ቱ ፒያሳ…» ብሎ ይጀምርና መንገድ ላይ ይቀራል። ከመጨረሻው ጀምሩ። «ዘ ባግ»። ምን የሆነው ቦርሳ? የረሳሁት፦ «ዛት አይ ሌፍት»። የት? «ኢን ዘ ሚኒባስ»። የትኛው ሚኒባስ? «ዛት ጎዝ ፍሮም ሜክሲኮ ቱ ፒያሳ»። ስትገጥሙት፦ «ዘ ባግ ዛት አይ ሌፍት ኢን ዘ ሚኒባስ ዛት ጎዝ ፍሮም ሜክሲኮ ቱ ፒያሳ»።

ልብ በሉ፤ አማርኛው ላይ መጨረሻ የነበረው ቦርሳ መጀመሪያ ሆኗል። መጀመሪያ የነበረው ሜክሲኮ ወደ መጨረሻው ሄዷል። ሚኒባሱ መሀል ላይ እንዳለ ነው። «ምን የሆነው? የት? የትኛው?» እያላችሁ ራሳችሁን ከጠየቃችሁ የትኛውም ረጅም ሐረግ በዚሁ መንገድ ይፈታል።

ደረጃ 2፦ «ት»ን ተከታትላችሁ አጥፏት

አሁን ወደ ትርፏ «ኢት» እንመለስ። «የገዛሁት»ን በታትኑት፦ «የ»፣ «ገዛሁ»፣ «ት»። መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» የተገዛውን ነገር ትጠቁማለች። «ገዛሁት» ብቻውን «አይ ቦት ኢት» ነው። አማርኛ ደግሞ ይህቺን ምልክት በቀላሉ አይጥላትም፤ «የገዛሁ መጽሐፍ» ብትሉ ጆሮ ይጎረብጣል። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገርም ለ«ት» ቦታ እንፈልግላታለን፤ «ኢት» ሆና ትወጣለች። ግን ያንን ቦታ «ዊች» ወይም «ዛት» ቀድማ ይዛዋለች። ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ይሆናል።

እነዚህን ተመልከቱ። ሁሉም የተሳሳቱ ናቸው።

«ዘ ውማን ሁ አይ ኖው ሀር»፦ «የማውቃት ሴት» ለማለት ነው። «ሀር» ትውጣ።

«ዘ ጆብ ዛት አይ ዋንት ኢት»፦ «የምፈልገው ሥራ»። «ኢት» ትውጣ።

«ዘ ፍሬንድስ ሁ አይ ኢንቫይትድ ዜም»፦ «የጋበዝኳቸው ጓደኞች»። «ዜም» ትውጣ።

መፈተሻው ቀላል ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ በሐረጉ ውስጥ ያለው ግስ ላይ ጣታችሁን አድርጉ። ከግሱ ቀጥሎ «ኢት»፣ «ሂም»፣ «ሀር» ወይም «ዜም» አለ? ካለ፣ ማንን ነው የሚያመለክተው? መጀመሪያ ላይ ያስቀመጣችሁትን ስም ከሆነ ሰርዙት። ሌላ ነገርን ከሆነ ግን አትንኩት። «ዘ ፍሬንድ ሁ ጌቭ ኢት ቱ ሚ» ትክክል ነው፤ «ኢት» እዚህ የተሰጠው ዕቃ እንጂ ጓደኛው አይደለም። ይህን ሳይለዩ «ኢት»ን ባዩበት ሁሉ የሚሰርዙም አሉ፤ እሱም አያዋጣም።

በአድራጊው በኩልም ያው ነው። «ዘ ድራይቨር ሁ ሂ ካልድ ሚ» አይባልም። «ሁ» ራሷ አድራጊው ናት፤ «ሂ» ምን ሊያደርግ መጣ? «ዘ ድራይቨር ሁ ካልድ ሚ»፤ በቃ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልትይዙ ብትፈልጉ ይህንን ደረጃ ያዙ። «ሁ»ና «ዊች»ን ብታቀያይሩ ሰው ይረዳችኋል። ይቺ «ኢት» ግን በእያንዳንዱ ደብዳቤና በእያንዳንዱ ኢንተርቪው ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

ደረጃ 3፦ «በት» እና «ለት» ስታዩ ቆም በሉ

እዚህ ደግሞ ጥፋቱ ተቃራኒ ነው፤ መኖር ያለበትን እንጥላለን። «የተቀመጥኩበት ወንበር» ለማለት «ዘ ቼር ዛት አይ ሳት» ብለን እናቆማለን። «በት»ስ የት ሄደች? እንግሊዝኛ ውስጥ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች፦ «ዘ ቼር ዛት አይ ሳት ኦን»። ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ነውር አይደለም፤ እንግሊዞች ራሳቸው ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚያወሩት።

«የምሠራለት ድርጅት»፦ «ዘ ካምፓኒ ዛት አይ ወርክ ፎር»። «የጻፍኩበት እስክሪብቶ»፦ «ዘ ፔን ዛት አይ ሮት ዊዝ»። የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ኮስተር ማለት ከፈለጋችሁ መስተዋድዱን ወደ ፊት አምጡት፦ «ዘ ካምፓኒ ፎር ዊች አይ ወርክ»። ያኔ ግን «ዛት» አትሠራም፤ «ፎር ዛት» አይባልም። ሰው ከሆነ ደግሞ «ሁ» ወደ «ሁም» ትቀየራለች፦ «ዘ ቲቸር ቱ ሁም አይ ሮት»።

የእኛ «በት» ደግሞ ብዙ ሥራ አለባት። «የተወለድኩበት ቤት» ላይ ቦታ ናት፦ «ዘ ሃውስ ዌር አይ ዋዝ ቦርን»። «የተወለድኩበት ቀን» ላይ ጊዜ ናት፦ «ዘ ዴይ ዌን አይ ዋዝ ቦርን»። «የመጣሁበት ምክንያት» ላይ «ዋይ» ትሆናለች፦ «ዘ ሪዝን ዋይ አይ ኬም»። «ዌር» ከመረጣችሁ መስተዋድዱን ተዉት። «ዘ ኦፊስ ዌር አይ ወርክ» ወይም «ዘ ኦፊስ ዛት አይ ወርክ ኢን» በሉ። «ዘ ኦፊስ ዌር አይ ወርክ ኢን» ግን ሁለቱን መደረብ ነው።

አራተኛዋ «በት» የምታሳስተው ናት። «ስልኩ የተሰረቀበት ልጅ»። እዚህ «በት» ቦታም ጊዜም አይደለችም፤ ጉዳቱ የደረሰው ልጁ ላይ መሆኑን ነው የምትናገረው። እንግሊዝኛ ይህንን በባለቤትነት ይገልጸዋል፦ «ዘ ቦይ ሁዝ ፎን ዋዝ ስቶለን»። «ዘ ቦይ ዊች ሂዝ ፎን» ማለት ልማዳችን ነው፤ «ዊች»ንም «ሂዝ»ንም አውጥታችሁ «ሁዝ»ን ብቻ አስገቡ። ከ«ሁዝ» በኋላ «ዘ» አይገባም። ለሰው ብቻ ነው የምትሆነው ብላችሁም አትፍሩ፤ ለሕንፃም ለድርጅትም ትሆናለች።

ደረጃ 4፦ አገናኙን ምረጡ

አማርኛ ለሁሉም «የ» አለው። እንግሊዝኛ ይለያል፦ ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃና ለእንስሳ «ዊች»፣ ለሁሉም «ዛት»። ይህን ታውቁታላችሁ፤ አልደጋግመውም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

«ኤቭሪቲንግ»፣ «ኦል»፣ «ኤኒቲንግ» ካሉ፣ ወይም «ዘ ቤስት» የሚል ማበላለጫ ካለ «ዛት»ን ተጠቀሙ፦ «ዘ ቤስት ማኪያቶ ዛት አይ ሀቭ ኤቨር ሀድ»። «ኤቭሪቲንግ ዋት ዩ ሴድ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ስህተት ነው።

ታዲያ «ዋት» መቼ ትገባለች? አማርኛው ላይ ከ«የ» ግሱ በኋላ ስም ከሌለ። «ያልከው ነገር እውነት ነው» ላይ «ነገር» የሚል ስም አለ፦ «ዘ ቲንግ ዛት ዩ ሴድ ኢዝ ትሩ»። «ያልከው እውነት ነው» ላይ ስም የለም፦ «ዋት ዩ ሴድ ኢዝ ትሩ»። ስም ካለ «ዛት»፣ ስም ከሌለ «ዋት»። ስሙ የቀረው ሰው ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ «የመጣችው እህቴ ናት» ላይ፣ «ዘ ዋን ሁ ኬም ኢዝ ማይ ሲስተር» በሉ።

«ማን ነው የመጣው?» የሚለው ጥያቄያችንም እዚህ ያጠምዳል። «የ» ስላየን ብቻ «ሁ ኢዝ ዛት ኬም?» እንላለን። እንግሊዝኛው አጭር ነው፦ «ሁ ኬም?»

ደረጃ 5፦ አገናኟ መቼ ትጣላለች?

«ዘ ቡክ አይ ቦት» ትክክል ነው፤ «ዛት» ተጥላለች። «ዘ ድራይቨር ካልድ ሚ ኢዝ ሂር» ግን ስህተት ነው። ልዩነቱን በዓይን መለየት ይቻላል። ከአገናኟ ቀጥሎ ሌላ አድራጊ ካለ፣ ለምሳሌ «አይ»፣ «ዩ» ወይም «ማይ ብራዘር»፣ አገናኟን መጣል ትችላላችሁ። ቀጥሎ ያለው ግስ ከሆነ አትንኳት። አማርኛም የራሱ መጣያ አለው፤ «በሚሄደው ሚኒባስ» ስንል «የ»ን «በ» ውጣታለች። ሕጉ ግን ሌላ ስለሆነ ከአማርኛው አትገምቱ። ከተጠራጠራችሁ አትጣሏት፤ ብትኖር አትጎዳም።

ሲያጥር ደግሞ ሌላ መልክ አለ። «መስኮት አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ» ሲባል «ዘ ገርል ሁ ኢዝ ሲቲንግ ባይ ዘ ዊንዶው» ማለት ይቻላል። «ሁ ኢዝ»ን አንሥታችሁ «ዘ ገርል ሲቲንግ ባይ ዘ ዊንዶው» ብትሉም ያው ነው።

ደረጃ 6፦ ኮማዋ ትርጉም ትቀይራለች

«አራት ኪሎ የሚኖረው ወንድሜ» ስል ስንት ወንድም ነው ያለኝ? ከአማርኛው አይታወቅም። ከእንግሊዝኛው ይታወቃል። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን አራት ኪሎ» ያለ ኮማ ከሆነ ሌላም ወንድም አለኝ፤ የትኛው እንደሆነ እየለየሁ ነው። ሐረጉ በሁለት ኮማ መሀል ከገባ ወንድሜ አንድ ነው፤ የሚኖርበትን የጠቀስኩት እግረ መንገዴን ነው።

የሥራ ማስታወቂያ የሚነበብበት ቦርድ ፊት ቁሙና ይህን ፈልጉ፦ «አፕሊካንትስ ሁ ፉልፊል ዘ አባቭ ሪኳየርመንትስ ካን አፕላይ»። ኮማ የለውም። መመዘኛውን የሚያሟሉት ብቻ ያመልክቱ ማለት ነው። ሐረጉን በኮማ ብታጥሩት «አመልካቾች ሁሉ መመዘኛውን ያሟላሉ፤ ማመልከትም ይችላሉ» ይሆናል። ይህን የሚመኝ ሥራ ፈላጊ ብዙ ነው፤ ቀጣሪው ግን እንደዚያ አላለም።

የሰው ወይም የቦታ መጠሪያ ስም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮማ ያስፈልገዋል፤ አንድ ስለሆነ መለየት አያሻውም። «አፈወርቅ ተክሌ፣ ሁ ሜድ ዘ ስቴይንድ ግላስ ዊንዶውስ ኦፍ አፍሪካ ሆል፣ ዋዝ ቦርን ኢን አንኮበር»። «ሉሲ፣ ሁ ዋዝ ፋውንድ ኢን ዘ አፋር ሪጅን ኢን 1974፣ ኢዝ ኦልሶ ካልድ ድንቅነሽ»። በእኛ አቆጣጠር 1967 ነው፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ዓመቱን መቀየር አትርሱ። «ሉሲ አጥንት ናት፣ ለምን ዊች አልተባለችም?» የሚል ካለ፣ ስም ያወጡላትን እንደ ሰው ይጠሯታል። «ዘ ቦንስ» ካላችሁ ግን «ዊች»።

በኮማ የታጠረ ሐረግ ውስጥ «ዛት» አትገባም፤ አገናኟም አትጣልም። እነዚህ ሁለቱ ፈተና ላይ ይወዷቸዋል።

«ዊች» ደግሞ ከኮማ በኋላ የእኛን «ይህም» ትሆናለች። «ታክሲው ተበላሸ፤ ይህም አስረፈደኝ»፦ «ዘ ታክሲ ብሮክ ዳውን፣ ዊች ሜድ ሚ ሌት»። እዚህ «ዊች» የምታመለክተው ታክሲውን ሳይሆን የመበላሸቱን ነገር በሙሉ ነው።

ደረጃ 7፦ በእግር ተለማመዱ

ደብተር ላይ ብቻ የተማሩት አፍ ላይ አይመጣም። ከለገሃር ተነሥታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ውጡ። ዳገት ስለሆነ ቀስ ማለታችሁ አይቀርም፤ ለዚህ ልምምድ ደግሞ ቀስ ማለት ነው የሚፈለገው። ያያችሁት ነገር ላይ አንድ አንድ ሐረግ ሥሩ፣ በሹክሹክታም ቢሆን በአፋችሁ በሉት።

ለገሃር ስለ ይሁዳ አንበሳ ሐውልት፦ «ጣሊያኖች ሮም የወሰዱት አንበሳ ተመለሰ»። «ዘ ላየን ዛት ዘ ኢታሊያንስ ቱክ ቱ ሮም ኬም ባክ»። «ቱክ ኢት» ብላችሁ እንደሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ጥቁር አንበሳ ጋ፦ «እህቴ የተወለደችበት ሆስፒታል»። «ዘ ሆስፒታል ዌር ማይ ሲስተር ዋዝ ቦርን»።

ፖስታ ቤቱ ጋ፦ «ደብዳቤ የላክሁለት ጓደኛ»። «ዘ ፍሬንድ አይ ሴንት ኤ ሌተር ቱ»። መጨረሻ ያለችውን «ቱ» አትርሷት።

ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ኮማውን ተለማመዱ። ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አፍሪካ አዳራሽንም ነድፏል፦ «አርቱሮ ሜዜዲሚ፣ ሁ ዲዛይንድ ዘ ሲቲ ሆል፣ ኦልሶ ዲዛይንድ አፍሪካ ሆል»። ኮማዎቹ ላይ ትንፋሽ ውሰዱ፤ ስትናገሩ ኮማ የምትሰማው በእሱ ነው።

ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው፦ «ሐውልታቸው ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመው ንጉሠ ነገሥት»። «ዘ ኤምፐረር ሁዝ ስታቹ ስታንድስ ኒር ሴንት ጆርጅ»።

ፒያሳ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከፈረሰው ብዛት የተነሣ «ዌር» የሚፈልግ ሐረግ አያልቅባችሁም። «ጫማ የምገዛበት ሱቅ አሁን የለም»፦ «ዘ ሾፕ ዌር አይ ዩዝድ ቱ ባይ ሹዝ ኢዝ ጎን»።

ስትመለሱ ታክሲ ውስጥ እነዚህን ሦስቱን ያለ ደብተር ሞክሩ፦ «ሻይ የጠጣንበት ካፌ»፣ «ስሟን የረሳሁት ልጅ»፣ «የነገርከኝ ልክ ነው»።

መልስ። የመጀመሪያው «ዘ ካፌ ዌር ዊ ሀድ ቲ» ነው፤ «ዘ ካፌ ዛት ዊ ሀድ ቲ ኢን» ብላችሁም ከሆነ ያስኬዳል። ሁለተኛው «ዘ ገርል ሁዝ ኔም አይ ፎርጎት»፤ መጨረሻው ላይ «ኢት» የለም። ሦስተኛው «ዋት ዩ ቶልድ ሚ ኢዝ ራይት»።